ከኋላ ወንበር የሚመጣ የብርቱካን ሽታ

ሰው ሁሉ «አፍንጫው» ይለኛል። ስሜ ዌይን ላህቲ ነው፤ ግን በአይረን ቤይና በሐይቁ ዳር ባሉ ከተሞች የድሮ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ላህቲን ሳይሆን አፍንጫውን ነው። ሰዎች ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ የተኛ መኪና ያወጡና ቀለሙን ያስቀባሉ፣ ወንበሩን ያስለብሳሉ፣ ኒኬሉን ፊት እስኪያሳይ ይወለውላሉ። ሁሉም አልቆ አንድ ነገር ይቀራቸዋል፤ ሽታው። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚነሣ፣ ማሞቂያ ሲከፈት የሚብስ ሽታ። ያኔ ወደ እኔ ይዘውት ይመጣሉ። መስኮቱን ዘግቼ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ ጣቴን አንድ ቦታ ላይ አሳርፌ «እዚህ ጋ ፍቱት» እላለሁ። ሃያ ዓመት እንጀራዬ ይህ ነበር።

ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተኛኝ ትኩሳት ያዘኝ። በዳንኩ ማግስት ሽንኩርት ጠበስኩ፤ ዝም። ጋራዥ ገብቼ ቤንዚን ጨርቅ ላይ አፍስሼ አፍንጫዬ ላይ ደፋሁት፤ ዓይኔ አለቀሰ እንጂ አፍንጫዬ ምንም አላለኝም። ሐኪሟ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለችኝ። አልተመለሰም።

ለማን ይነገራል? እግሩ የተቆረጠ ሯጭ ቢያንስ ሰው አይቶ ያዝንለታል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። በአፍንጫዬ ምትክም ደብተር አመጣሁ። እርሳስ በክር ታስሮበት ከተሳፋሪው ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለደንበኞቼ «የሸተተዎትን ሁሉ ይጻፉልኝ» እላቸዋለሁ፤ «ቀኑን፣ አየሩን፣ ማሞቂያው ክፍት ነበር ወይ፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ ነው ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ምን እንደሚያስታውስዎት።» ከዚያ የጻፉትን አንብቤ በዓይኔና በእጄ እፈልጋለሁ። እርጥበት እዳብሳለሁ፣ እድፍ እከተላለሁ፣ የአይጥ ፀጉር እለቅማለሁ። የጋራዡ ባለቤት ጌይል «ዘመናዊ አሠራር ነው!» እያለች ለመጣ ለሄደው ታወራልኛለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን በየቀኑ ይከብደኝ ነበር። ማታ ቤቴ እገባለሁ፤ ቤቱ ምንም አይሸትም። እንጨቱም፣ አልጋውም፣ ምድጃው ላይ የጣድኩትም። እየኖርኩበት እንኳ ማንም የማይኖርበት ቤት ይመስለኝ ነበር።

*

ሮዌና ትሬቫሮ የመጣችው በሚያዝያ ነው።

ትሬቫሮ የሚለውን ስም እኛ ቤት ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። የብረት ማዕድኑ የእነሱ ነበር። አያቴ በአያቷ ጉድጓድ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆፍሮ ሳንባውን እዚያው ትቶ ወጣ። ኮረብታው ላይ ያለውን ቤታቸውን አያቴ ሁለት ጊዜ አይቶታል፤ ሁለቱንም ጊዜ በጓሮ በር ገብቶ ወጥ ቤት ቆሞ ነው የተመለሰው። የእኛ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቤት ፊት ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ማን እንደሚሰማቸው ግን አላውቅም።

እሷ ቺካጎ ፒያኖ የምታስተምር የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነበረች። አባቷን ልትቀብር መጥታ፣ ቤቱን ልትዘጋ ቆይታ፣ መጋዘኑ ውስጥ ሸራ ለብሶ የተኛውን የአባቷን ስልሳ አራት ሞዴል ሰማያዊ መኪና አገኘችው። አሳደሰችው። ከዚያ ሽታው መጣ።

«አፍንጫው እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ሰው እንደሚለው።»

አፍንጫዬን አየት አደረገችና፣ «ከዝናው አንጻር ትንሽ ነው» አለች።

ጌይል ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ተንከተከተች። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ደብተሩን ስሰጣት ጣቷ ጣቴን ነካው፤ እጄን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰብኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሽታዎች ቀላል ነበሩ። «ታንኩ ሙሉ ሲሆንና ወደ ግራ ስታጠፍ ቤንዚን» ብላ ጻፈች፤ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የቤንዚን መሙያው ቱቦ ተሰንጥቆ አገኘሁት። «ማሞቂያ ስከፍት የሞተ ነገር» ብላ ጻፈች፤ የማሞቂያውን ሣጥን ፈትቼ አንድ እፍኝ የአይጥ ጎጆ አወጣሁ። በሁለቱም ገጾች ግርጌ «ተገኘ። ዌይን» ብዬ ጻፍኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሁለተኛውን ቀን። «አሁን እንግዲህ የምመጣበት ጉዳይ አለቀ ማለት ነው።»

«መኪና አይታወቅም» አልኳት። «የድሮ መኪና ሁልጊዜ አንድ ነገር አያጣም።»

እንዲህ ብዬ የተናገርኩት ለራሴ ነበር። እንድትመለስ እንደምፈልግ እንኳ በቅጡ አላወቅኩም ነበር።

ተመለሰች። በሐምሌ እንዲህ የሚል ገጽ አነበብኩ።

«ሐምሌ 9። ሙቀት። መስኮት ዝግ። ከኋላ ወንበር የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። ብርቱካን ከገዛሁ ወር አልፎኛል። የሚያስታውሰኝ፦ አባቴ ረጅም መንገድ ላይ ልጣጩን ሳይበጥስ ልጦ፣ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋልኝ።»

የኋላውን ወንበር ፈታሁ። ምንጣፉን አነሣሁ። በፋኖስ አየሁ፣ በመዳፌ ዳሰስኩ፣ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩ። የብርቱካን ዘር የለም፣ ልጣጭ የለም፣ እርጥበት የለም። አዲስ የተቀባ ማስቲሽ ብቻ ነበር። «ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ፤ «የምንጣፉ ማስቲሽ በሙቀት እንዲህ ሊሸት ይችላል። ጠርጌ አድርቄዋለሁ። ዌይን።» ይቻል አይቻል አላውቅም። አፍንጫ የሌለው ሰው ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል?

በነሐሴ፦ «ማለዳ፣ ጭጋግ። ከመሪው በኩል፣ ከብርድ የገባ ሰው ኮት።» ተገኘ ብዬ ጻፍኩ። እንደገና በነሐሴ፦ «ዝናብ ሊጥል ሲል የሚሸት ድንጋይ፣ ከእግር ሥር።» ተገኘ። በመስከረም መጀመሪያ የጻፈችውን ደግሞ አሥራ አንድ ጊዜ አነበብኩት። «አዲስ የታጠበ ሸሚዝ። የሚያስታውሰኝ፦ ማንንም። ገና የማላውቀውን ሰው።»

ሸሚዙንም ፈለግኩት። ሳጣው «ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ፣ በሩን ዘጋሁና እሷ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። ወንበሩን ወደ ፊት ጠጋ አድርጋ ነው የምትነዳው፤ ጉልበቴ መሪውን ነካው። ምንም አይሸትም። ሌላ ማንም ሰው በዚያ መኪና ውስጥ ቢቀመጥ ስለ እሷ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፣ ቢያንስ ሽቶዋን። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። እንደምወዳት ያወቅኩት እንዲያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው።

*

እኛ ዘንድ የድሮ መኪና ያለው ሰው በረዶን አይፈራም፤ ጨውን ነው የሚፈራው። በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው የሚረጭበት የመጀመሪያው ቀን የድሮ መኪናዎች ሁሉ የሚከተቱበት ቀን ነው። ላሜራው እንዳይበላ ወደ መጋዘን ይገባሉ፣ ሸራ ይለብሳሉ፣ እስከ ሚያዝያ ማንም አያያቸውም። ስለዚህ ጥቅምት ሲገባ ሁላችንም የአየር ትንበያውን እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው የምንሰማው።

ያን ሳምንት «ሐሙስ» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሮዌና መኪናውን አመጣች። እኔ ከሌላ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር፤ ጫማዋን ብቻ አየሁ። ቁልፉን ለጌይል ሰጥታ «ደብተሩ ውስጥ አለ፤ በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ» ብላ ሄደች። እጄን ታጥቤ መሳቢያውን ከፈትኩ።

«ዌይን፤

ዛሬ የምጽፍልህ ሽታ የለኝም። እውነቱን ልንገርህ? ከሐምሌ ወዲህ አልነበረኝም። ብርቱካኑን ፈጠርኩት። ኮቱንም፣ ድንጋዩንም፣ ሸሚዙንም። አባቴ ብርቱካን መላጡ እውነት ነው፤ መኪናው ውስጥ ግን አዲስ ቆዳ እንጂ ሌላ ምንም አይሸትም። አንተ ጋ የምመጣበት ምክንያት አልቆብኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ! ከፈለግህ ሳቅብኝ።

ግን አንተ አውቀሃል። እንዳንተ ያለ አፍንጫ በዚህ አገር እንደሌለ ሕፃን ሽማግሌው ነግሮኛል። ብርቱካን እንደሌለ ገና በሩን ስትከፍት ነው የምታውቀው። አውቀህ ወንበሩን ፈታህ። አውቀህ 'ተገኘ' ብለህ ጻፍክልኝ፣ አራት ጊዜ። እንዲህ ባለ ደግነት ማንም ዋሽቶኝ አያውቅም። በጋውን ሙሉ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስተኛ ያን ቃል እያሰብኩ ነው የተኛሁት።

ወንድሜ ለቤቱ ገዢ አግኝቷል። ሰኞ ወደ ቺካጎ እመለሳለሁ፤ አንተ ካልከለከልከኝ። ስመጣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አውቀህ ነበር፣ አይደል?

ሮዌና»

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀረሁ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎ ጽፎልኝ አያውቅም። የተጻፈው ግን ለእኔ አልነበረም። የተጻፈው አፍንጫ ላለው፣ ብልህ ለሆነ፣ አውቆ ዝም ላለ አንድ ሌላ ሰው ነው። በዚያ ሰው ቀናሁ።

*

ምሳ ሰዓት ጌይል ፓስቲ የሚባለውን፣ ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ዳቦ አሙቃ ይዛልኝ መጣች። ቅርፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«አረረብኝ» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ ሸቶት በሩን ከፍቶ ወጥቷል። አንተ ደግሞ እንደ ሐውልት ተቀምጠሃል። ምን ሆንክ?»

ደብተሩን አቀበልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ሁለት ጊዜ «ወይ ጉድ!» አለች። ሲያልቅ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ እንጨት?»

«ጌይል፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር…»

«አፍንጫህ እንደማይሠራ ነው?»

ፓስቲው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ካለፈው ዓመት ገና በዓል። ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረውን ወተት ጠጥተህ 'ጥሩ ነው' ካልከኝ ቀን ጀምሮ። ያ ወተት እኮ፣ ዌይን፣ በእግሩ ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። «በየቀኑ ፊት ለፊቴ እየበላህ፣ እየጠጣህ፣ ዓመት ከመንፈቅ። እኔ እንግዳ ሰው ነኝ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ምሥጢሬን ሌላው እያወቀው እኔ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ኖሬያለሁ። ያረረውን ፓስቲ በላን፤ ለእኔ ልዩነት አልነበረውም።

«ስማኝ» አለች በመጨረሻ። «'አዎ፣ አውቄ ነበር' በላት። አለቀ። ሟቹ ባሌ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ መደነስ እችላለሁ ብሎኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እግሬን ሲረግጠኝ ኖረ። ተጣላን? አልተጣላንም።»

«ያ ጭፈራ ነው፣ ጌይል።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ቤንዚን ነው» አልኳት። «በሚያዝያ ባትጽፍልኝ ኖሮ በዚያ መኪና ውስጥ ቤንዚን እየተነነባት ትነዳ ነበር። እኔ ከጎኗ ብቀመጥ እንኳ አይሸተኝም። እንዲህ ያለ ሰው 'አውቄ ነበር' ብሎ ነገም ከነገ ወዲያም በአፍንጫው አምና እንድትነዳ ያድርጋት?»

ጌይል ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አንድ ቡሎን አልፈታሁም። አንዴ «አዎ እላታለሁ» እላለሁ፣ አንዴ «አልልም»። በእርግጥ እንዲህ ቀርቦልኝ የሚያውቅ ደስታ አልነበረም። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምታስፈልገው።

*

ሮዌና በሰዓቷ መጣች። ፀጉሯን አስራው ነበር፤ ሌላ ጊዜ አታስረውም። ጌይል እንደ ልማዷ ሳትሆን አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወደ ውስጥ ገባች።

«አነበብከው?» አለችኝ።

«አነበብኩት።»

«እና?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ዝም ካልክ ቆሜ መሞቴ ነው።»

ዓይኗን አየሁት። «አዎ» ብዬ ኑሮዬን የምሰጥለት ዓይን ነበር።

«አላወቅኩም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ብርቱካን አለመኖሩን። እኔ አይሸተኝም፣ ሮዌና። ምንም ነገር አይሸተኝም። ሁለት ክረምት አለፈኝ። አንቺ ከመምጣትሽም በፊት ነው።»

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ቀጥሎ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ቤንዚኑስ?»

«በእጄ ነው ያገኘሁት። ወደ ግራ ስታጠፍ ብለሽ ጽፈሽ ስለነበር።»

«ባልጽፈውስ?»

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

«ባልጽፈውስ ነው የምልህ! አንተን አምኜ ነው እኮ መስኮት ዘግቼ የነዳሁት። አፍንጫው ካየው ምንም አይሆንም እያልኩ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

«ለዚህ ብቻ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን የላህቲ ዘር ሲፈራ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ አባቴም እናቴ ስትሞት እንዲሁ ነበር የቆመው።

እሷ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«አንድ ሰው አወቀኝ ብዬ ነበር» አለች በለሆሳስ። «ሙሉ በጋ። ሳልናገር አንድ ሰው ገባው ብዬ። ለካ ለራሴ ነው ስጽፍ የከረምኩት።»

«ሮዌና…»

«አይ፣ አታስብ። የዋሸሁትስ እኔ አይደለሁም? የምቆጣበት መብት እንኳ የለኝም።»

ሞተሩን አስነሥታ ወጣች። ሰማያዊው መኪና መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር አየሁት። ድፍን ጋራዡ ጭሱ ይሸተው ይሆናል፤ ለእኔ ግን ምንም ሳይቀርልኝ ነው የሄደችው።

*

ሐሙስ ጨው ተረጨ። ረጪው መኪና ብርቱካናማ መብራቱን እያሽከረከረ ሲያልፍ ከበሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ያን ቀን ለጌይል ነግሬያት ለደንበኞቻችን ሁሉ ስልክ ደወልን፤ አፍንጫዬ እንደማይሠራ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ተቆጣ። አንድ ሽማግሌ ስቆ «እኔም እኮ ጆሮዬ አይሰማም፣ ጮክ በል!» አለኝ። ጌይል ከዚህ በኋላ ፍሬን ላይ እንደምሠራ ወሰነች። ሲነገር እንደዚያ ቀላል ነበር። ቀላሉን ነገር ተናግሬ ከባዱ ግን አሁንም ሆዴ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ በእግሬ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። በረዶው በቁርጭምጭሚት ልክ ነበር። የጓሮው በር ጋ ስደርስ እግሬ ራሱ ወደዚያ ሊታጠፍ አለ። እኔ ግን ዞሬ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄድኩና አንኳኳሁ።

ሮዌና ኮት ለብሳ ከፈተችልኝ፤ ራሷን ታጥባ ፀጉሯ ገና አልደረቀም። ከኋላዋ ካርቶን ተከምሯል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል ከነበረበት ቦታ ሁሉ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። እስትንፋሷ ቤት ውስጥ ይጨሳል።

«ማሞቂያውን አጥፍቼዋለሁ» አለች። «እየዘጋሁ ነው። ግባ።»

ገባሁ። መሐል ወለሉ ላይ ቆምኩ። የመጣሁበትን መንገድ ሁሉ ሳጠናው የነበረው ንግግር ጠፋብኝ፤ ስለዚህ እንደመጣልኝ ተናገርኩ።

«ሽታ ለመፈለግ ለአንድ መኪና አርባ ደቂቃ ነው የምሰጠው። ለብርቱካኑ ሦስት ሰዓት ሰጠሁት። ለሸሚዙ ግማሽ ቀን። ፈልጌ ከጨረስኩ በኋላ መስኮቱን ዘግቼ አንቺ ቦታ ላይ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ብርቱካን እንደሌለ አላወቅኩም። ያልገባኝ ብዙ ነገር አለ። ግን 'ለዚህ ብቻ?' ስትዪኝ መልሱ 'አይደለም' የሚል ነበር። እወድሻለሁ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ግንባሯን በመዳፏ ያዘች።

«ማክሰኞ ይህን ብትል ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ።»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነው ብርቱካን የፈጠርኩት» አለች፤ እንባም ሳቅም ተናነቃት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ አሁንስ ለምን እዚያ ቆምክ? ሁልጊዜ ከእኔ ሁለት እርምጃ ትርቃለህ። በሚያዝያም፣ በሐምሌም። ትሬቫሮ ስለሆንኩ የምትጸየፈኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ይህን ለጌይል እንኳ አልነገርኳትም። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«እንዴት እንደምሸት አላውቅም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። በቀን ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ፤ ግን አላውቅም። ሰው አጠገቤ ሲቆም ይጸየፈኛል ብዬ እሸሻለሁ። አውቶቡስ ትቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ብቻዬን ነው የምቀመጠው። ሰው ተጠግቶኝ አያውቅም፣ ሮዌና። አላስጠጋም።»

ሁለቱን እርምጃ እሷ ተራመደች። ልሸሽ ፈለግኩ፤ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷን አንገቴ ላይ አደረገችና ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ተነፈሰች። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም።

«ሳሙና» አለች። «ብዙ ሳሙና። ከሥሩ ትንሽ ላብ አለ፣ ዳገቱ ይሆናል። ጎማም አለ። ሌላው ደግሞ ስም የለውም።»

«መጥፎ ነው?»

«አይደለም።»

«አትዋሺኝ።»

«አንተን መዋሸት ማክሰኞ አቁሜያለሁ» አለች፤ ድምጿ ከአንገቴ ሥር ነበር የሚመጣው። «ጥሩ ነው፣ ዌይን። ደስ ይላል።»

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም አብራኝ ተቀመጠች። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ ዝም ብላ ያዘችኝ።

ቆይታ፣ «ሰው እኮ የራሱን ሽታ አያውቅም» አለች። «ማንም አያውቅም። ሌላ ሰው ነው የሚነግረው። እኔንስ ማን ይነግረኛል?»

ፊቴን ፀጉሯ ውስጥ አደረግኩ። በረጅሙ ሳብኩ፣ እንደ ድሮዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ምንም የለም። ብርቱካን ልላት እችል ነበር። ዝናብ ልላት እችል ነበር።

«ምንም አይሸተኝም» አልኳት። «ግን ፀጉርሽ እርጥብ ነው። ጆሮሽ ቀዝቅዟል። አንገትሽ ይሞቃል፤ እዚህ ጋ፣ ከጆሮሽ ሥር፣ በጣም ይሞቃል።»

ከዚያ እጄን አንሥታ ጉንጯ ላይ አሳረፈችው።

«ሌላስ?» አለችኝ። «ቀስ ብለህ ንገረኝ። የትም አልሄድም።»